ሬኒየር ላይ መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ አሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ዋሽንግተን ግዛት ይወስደናል። ርእሳችን አንድ ተራራ ነው። በትክክል ለመናገር ግን ተራራው ላይ ያለው አንድ የበረዶ መንገድ ነው።

ሲያትልና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ሬኒየርን ላስተዋውቃችሁ ብል ትስቁብኛላችሁ። እንጀራ የምትገዙበት፣ ለቅሶና ሠርግ የምትመላለሱበት ሬኒየር አቬኑ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነጩ ተራራ ሙሉውን በታየ ቀን የከተማው ሰው «ተራራው ወጣ» እየተባባለ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ሌላ አገር ያላችሁ አድማጮች ደግሞ ይህን ያህል አስቡ፦ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይል ከተማ ሆናችሁ፣ በበጋ ሙቀት ካናቴራ ለብሳችሁ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ በረዶው ዓመቱን ሙሉ የማይለቀው ተራራ ታያላችሁ።

ስለ ተራራ ሲወራ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁመቱን ነው። ሬኒየር 4,392 ሜትር ነው እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። ተራራ ወጪዎቹ ግን ተራራው ያለበት ብሔራዊ ፓርክ ቢሮ ሲደርሱ ስለ ቁመቱ አይጠይቁም። ጥያቄያቸው «መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ሰኔ መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው መልስና ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው መልስ የሁለት ተራራ ወሬ ነው የሚመስለው። ለምን እንዲህ እንደሚሆን፣ መልሱንስ እንዴት መስማት እንደሚገባ ዛሬ እናያለን።

መቼም ኢትዮጵያዊ ሆኖ ስለ ተራራ ቁመት ሲሰማ ከራስ ደጀን ጋር የማያነጻጽር የለም። የኛው ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሬኒየርን ይበልጠዋል። ታዲያ ራስ ደጀን አናት ላይ አንዳንድ ማለዳ የሚታየው አመዳይ ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋው፣ ሬኒየር ግን ስም የወጣላቸው ከ20 በላይ ግግር በረዶዎች ተሸክሞ የሚኖረው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ቦታው ነው። ራስ ደጀን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ሲሆን ሬኒየር ግን 47 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ውቅያኖሱ ነው። ከፓስፊክ የሚነሳው እርጥብ አየር ክረምቱን ሙሉ እየመጣ ከተራራው ጋር ይጋጫል፤ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ በረዶ ሆኖ ይወርዳል።

ምን ያህል እንደሚወርድ በቁጥር እንየው። ፓራዳይዝ የሚባለው የመኪና መንገዱ ማብቂያ 1,645 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በዚህ ቦታ በአማካይ በዓመት 16 ሜትር ገደማ በረዶ ይወርዳል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1971 እስከ 1972 በነበረው ወቅት የወረደው ሲደመር 28.5 ሜትር ሆኖ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ክብረ ወሰኑን በኋላ የሰበረውም ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚያው ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ያለው ቤከር ተራራ ነው።

በነገራችን ላይ የኛም ተራሮች በረዶ የማያውቁ አልነበሩም። በጥንቱ የበረዶ ዘመን የሰሜንም የባሌም ተራሮች ግግር በረዶ ነበራቸው። ግግሩ ገፍቶ የከመረው ድንጋይና አፈር ዛሬም እዚያው አለ፤ ባሌ ያለውን የሳነቴን አምባ ያየ ሰው ያንን ድንጋይ አይቶታል፣ ምን እንደሆነ የነገረው ባይኖርም።

ወደ ሬኒየር እንመለስ። ክረምት የወረደው በረዶ በጋውን ሙሉ ሳይቀልጥ ሲተርፍ፣ የሚቀጥለው ዓመት በላዩ ይጨመርበታል። እየተደራረበ በራሱ ክብደት ይጠቀጠቅና አየሩ ከውስጡ ወጥቶ ጠጣር በረዶ ይሆናል። ይህ ጠጣር በረዶ ውፍረቱ በቂ ሲሆን አርፎ አይቀመጥም፤ ቁልቁል ይፈሳል። ዓይን አያየውም እንጂ ይፈሳል። ከፓራዳይዝ ጎን ያለው ኒስኳሊ የተባለው ግግር በ1970 ግንቦት ላይ ሲለካ በቀን 74 ሴንቲ ሜትር ይጓዝ ነበር። በግንቦትና በሰኔ ፍጥነቱ የሚጨምረው የቀለጠው ውሃ ሰርጎ ከግግሩ ሥር ገብቶ ከአለቱ ጋር ያለውን ሰበቃ ስለሚቀንስ ነው።

እንግዲህ መንገዱ የሚያልፈው በዚህ ተጓዥ ነገር ላይ ነው። ዛሬ የተተከለ ምልክት በሳምንቱ እዚያው በረዶ ላይ ይገኛል፤ በረዶው ራሱ ግን ተነስቶ ሄዷል።

ሬኒየርን ለመውጣት ብዙ መስመሮች አሉ። ሕዝብ የሚበዛበት በፓራዳይዝ በኩል የሚነሳው ነው። ዲሳፖይንትመንት ክሊቨር ይባላል፤ ተራራ ወጪዎቹ ያሳጥሩትና «ዲሲ» ይሉታል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የእናንተዋ አይደለችም፤ ይህች ዲሲ ታክሲ የላትም።

ከፓራዳይዝ ተነስቶ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ከተወጣ በኋላ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ካምፕ ሙር ይገኛል። ስሙን የወሰደው በ1888 ተራራውን ከወጣው ከጆን ሙር፣ የአሜሪካን የተፈጥሮ ጥበቃ ካስጀመሩት ሰዎች አንዱ ከሆነው ጸሐፊ ነው። እዚያ በድንጋይ የተሠሩ መጠለያዎች አሉ። ተራራ ወጪዎች ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ፤ በረዶ አቅልጠው ውሃ ያዘጋጃሉ፤ ገና ሳይመሽ ይተኛሉ፤ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ተነስተው ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው ጉዞ ይጀምራሉ።

ከሙር በኋላ ካውሊትዝ የተባለውን ግግር በአግድም ያቋርጣሉ፤ ካቴድራል ጋፕ በሚባል የላላ ድንጋይ ባለበት በር ያልፉና ኢንግርሃም የተባለው ግግር ላይ ይደርሳሉ። ኢንግርሃም ስሙን ያገኘው የሲያትል የትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ከነበረ ሰው ነው። ከዚያ በግግሮቹ መካከል እንደ ጀርባ አጥንት ብቅ ያለው የቋጥኝ ሸንተረር ይመጣል፤ ክሊቨሩ እሱ ነው። የሸንተረሩ አናት 3,750 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የቀረው ሙሉ በሙሉ ግግር በረዶ ሲሆን እስከ እሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ድረስ ይዘልቃል። አዎ፣ ሬኒየር እሳተ ገሞራ ነው፤ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። በ1870 ሃዛርድ ስቲቨንስና ቫን ትራምፕ የተባሉት ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደወጡት በተመዘገበው ጉዞ ጫፉ ላይ መሽቶባቸው ነበር። ከሞት ያዳናቸው ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ትኩስ እንፋሎት በረዶውን አቅልጦ የፈጠረው ዋሻ ነው። ሌሊቱን አንድ ጎናቸው እየጋለ ሌላው እየበረደ አነጉት።

አሁን ወደ ስንጥቆቹ። ግግር በረዶ ውስጡ ጫና ስላለበት ሳይሰበር ይታጠፋል፤ ላዩ ግን ይሰነጠቃል። ውሎ ያደረ እንጀራ ሲታጠፍ ላዩ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ አይታችኋል አይደል? ግግሩም ከሥሩ ያለው አለት ቁልቁለት በሆነበት፣ ወደ ጎን በተጠማዘዘበት ቦታ ሁሉ እንደዚያ ይሆናል። ስንጥቁ 30 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊጠልቅ ይችላል። በጣም ሲጠልቅ ግን ጫናው በረዶውን መልሶ ስለሚያጣብቀው የስንጥቅ ጥልቀት ወሰን አለው። ወሰን አለው ማለት ለወደቀው ሰው ብዙ ማጽናኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ክረምት ላይ የሚወርደው በረዶ እነዚህን ስንጥቆች ይሸፍናቸዋል። ነፋስ ያመጣው በረዶ ከዳርና ዳር እየተጋገረ ገጥሞ የበረዶ ድልድይ ይሠራል። ግንቦት ላይ ድልድዩ ወፍራም ስለሆነ ሰው ከሥሩ ባዶ መሆኑን ሳያውቅ ይሻገረዋል። ሐምሌ ላይ ይሳሳል፤ መሐሉ ይሰረጉዳል። ነሐሴ ላይ ይወድቃል። ያኔ መሪዎቹ መሰላል አምጥተው ያጋድማሉ፤ ወይም ስንጥቁ የሚጠብበትን ቦታ ፍለጋ ዞረው ይሄዳሉ። በግንቦት ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚወጣው መስመር በነሐሴ ኤመንስ ወደተባለው ግግር እየተንሻፈፈ፣ አንዳንዴም የወጣውን መልሶ እየወረደ፣ እንደገና ይወጣል። ይህ ለደከመ ሰው ልብ የሚሰብር ነው። ጫፉ ከፊት እያለ ቁልቁል መሄድ!

ወቅቱ ገና ሲጀምር አንዳንዶች ክሊቨሩን ትተው በኢንግርሃም ግግር ላይ ቀጥታ ይወጣሉ። ስንጥቆቹ ሲከፈቱ ያ መስመር ይዘጋል፤ ሁሉም ወደ ክሊቨሩ ይዞራል። ክሊቨሩም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። በረዶ ሲለብስ ለመርገጥ ይመቻል፤ በጋው ገፍቶ በረዶው ሲለቅ ግን የላላ ድንጋይ ክምር ይሆናል። በክራምፖን፣ ማለትም ጫማ ላይ በሚታሰረው የብረት ጥርስ፣ ድንጋይ ላይ መራመድ እግርን ያደናቅፋል። ከላይ ያለው ቡድን የነካው ድንጋይ ደግሞ ከታች ያለውን ቡድን ይመታል። ጭንቅላት ላይ የሚደረገው ሄልሜት ጌጥ አይደለም የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ለምን በሌሊት ይሄዳሉ? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ጨለማ ውስጥ ስንጥቅ ባለበት ቦታ መሄድ እብደት ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ቀን ፀሐይ ያላላው በረዶ ሌሊት ይጠጥራል። የጠጠረ በረዶ ድልድዩን ያጸናል፤ የብረት ጥርሱም ነክሶ ይይዛል። ድንጋዩም ከአለቱ ጋር በበረዶ ተጣብቆ ይቆያል። ረፋድ ላይ ሁሉም ይላላል። ስለዚህ ማለዳ ጫፍ ደርሶ፣ ፀሐይ ሳይበረታ መመለስ ይፈለጋል።

ስለዚህም የአየር ትንበያ ሲሰሙ ተራራ ወጪዎች ትልቅ ቦታ የሚሰጡት ለአንድ ነገር ነው፤ የሙቀቱ መጠን ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ስንት ሜትር ላይ ነው? ከ3,000 ሜትር በታች ከሆነ መንገዱ ሌሊቱን በደንብ ይጠጥራል። ከጫፉ በላይ፣ 4,500 ሜትር ላይ ከሆነ ግን አየሩ የትም ቦታ ዜሮ አይደርስም ማለት ነው። ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ በረዶው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ፣ አየሩ ከዜሮ በላይ ቢሆንም የበረዶው ገጽ ሊጠጥር ይችላል። ደመና ካለ ግን ደመናው ሙቀቱን መልሶ ስለሚልከው በረዶው እንደላላ ያድራል። ሞቃትና ደመናማ ሌሊት ለተኛ ሰው ይመቻል፤ ለዚህ መንገድ ግን ከቀዝቃዛው ይከፋል።

ታዲያ «ሌሊት ከሄድኩ ደህና ነኝ» ብሎ የሚያስብ ሰው የ1981ን ነገር ይስማ። በፈረንጆች ሰኔ 21 ቀን ማለዳ በመሪዎች የሚመራ አንድ ቡድን ኢንግርሃም ግግር ላይ ሳለ ከላይ ያለው የበረዶ ግንብ፣ ማለትም ከግግሩ ተሰንጥቆ ቀጥ ብሎ የቆመው ግዙፍ በረዶ፣ ተገነደሰ። 11 ሰዎች ከነሕይወታቸው ተቀበሩ፤ አንዱ መሪ ነበር፣ አሥሩ ተከታዮቹ። አስከሬናቸው ዛሬም አልወጣም። በአሜሪካ የተራራ መውጣት ታሪክ ከሁሉም የከፋው አደጋ ይህ ነው። ሰዓቱ «ትክክለኛው» ሰዓት ነበር፤ ማለዳ፣ ቀዝቃዛ። ቅዝቃዜ ድንጋይን ይይዛል፣ ድልድይን ያጸናል፤ የበረዶ ግንብን ግን ሰዓት አያስከብረውም። ግንቡ የሚወድቀው ከሥሩ ያለው ግግር ስለሚገፋው ነው፤ ግግሩ ደግሞ ሌሊትም ይጓዛል። ለዚህ ነው መሪዎች ከበረዶ ግንብ ሥር ያለውን ቦታ «ፍጠኑ፣ እዚህ አይቆምም፣ ውሃ አይጠጣም» እያሉ የሚያሻግሩት። ማድረግ የሚቻለው ከሥሩ የሚቆዩበትን ደቂቃ ማሳጠር ብቻ ነው።

እንግዲህ የመንገዱን ሁኔታ የሚናገሩት እነማን ናቸው? በአንድ በኩል የፓርኩ የተራራ ሬንጀሮች፣ ማለትም ጠባቂዎች፣ አሉ፤ መስመሩን ራሳቸው እየወጡ ያዩትን ይጽፋሉ። በሌላ በኩል ደንበኞችን ይዘው የሚወጡ ድርጅቶች መሪዎች አሉ። በወቅቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል እዚያው ስለሆኑ መሰላሉን የሚያጋድሙት፣ ቋሚ ገመዱን የሚያስሩት፣ በበረዶ የተዘጋውን መንገድ በአካፋ የሚከፍቱት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ያለ መሪ ከጓደኛው ጋር ቢወጣ እንኳ የሚረግጠው እነሱ የሠሩትን ነው። ይህ ውለታ ብዙ ጊዜ አይነገርለትም። መሪዎቹ ወቅቱ አበቃ ብለው መሰላላቸውን ነቅለው ሲወርዱ ደግሞ መስመሩ በአንድ ጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል።

እስቲ ለምሳሌ ያህል አንድ ዘገባ በሐሳባችን እንጻፍ። እንዲህ ይላል እንበል፦ «ክሊቨሩ ላይ በረዶ የለም። ከክሊቨሩ በላይ ሁለት መሰላል አለ። 3,900 ሜትር አካባቢ ያለው ድልድይ እየሳሳ ነው። ዱካው በደንብ የተረገጠ ነው።» አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር። ያልለመደ ሰው አንብቦ «ደህና ነው፣ መሰላልም ዱካም አለ» ብሎ ሻንጣውን ያዘጋጃል።

የለመደ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን ያያል። ዘገባው የተጻፈው መቼ ነው? ከተጻፈ አምስት ቀን ያለፈው ዘገባ ከሆነና በመሐሉ ሙቀት ከነበረ፣ «እየሳሳ ነው» የተባለው ድልድይ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ቀጥሎ ድንጋዩን ያስባል፦ ክሊቨሩ ላይ በረዶ ከሌለ ከእኛ በፊት ስንት ቡድን ይወጣል? ከእነሱ ሥር ነው ወይስ ከላይ የምንሆነው? ስለ መሰላሉ ደግሞ መሰላሉ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ጫፉና ጫፉ የተመሠረተበት በረዶ እየቀለጠ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይፈልጋል።

ስለ ዱካው ግን ቆም ብዬ ልናገር፤ በእኔ እምነት ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው። የተረገጠ ዱካ ለዓይን መንገድ ይመስላል። ሰው ደግሞ ተፈጥሮው ነውና ብዙ ሰው የሄደበትን ያምናል። ዱካው የሚነግረን ግን ትናንት ሰዎች በዚህ እንዳለፉ ብቻ ነው። ድልድዩ ትናንት የተሸከመውን ክብደት ዛሬም ይሸከማል አይልም። እንዲያውም በአንድ ድልድይ ላይ ስልሳ ሰው ካለፈ ድልድዩ ስልሳ ጊዜ ተረግጧል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው ዱካው ላይ እየሄደም በበረዶ መጥረቢያው እየወጋ የሚፈትሸው፤ ጓደኛው ደግሞ ገመዱን ወጥሮ የሚጠብቀው።

ገመዱን ካነሳን፣ ግግር ላይ ሰዎች ሦስት አራት ሆነው በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ ይተዋሉ። አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ቢወድቅ የቀሩት ወዲያው በደረታቸው ተኝተው መጥረቢያቸውን በረዶው ውስጥ ይቀረቅሩና ያቆሙታል። ከዚያ በመዘውር አድርገው ያወጡታል። ይህ ሲወራ ቀላል ነው። ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ግን አንዱ ጓደኛውን በአካሉ ይዞ በዚያው ጊዜ ሌላ ማሰሪያ መትከል አለበት፤ ይህን ከዚህ በፊት ሳይለማመድ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ገመድ አጠቃቀሙን የማያውቁ ሰዎችን ማሰር ተያይዞ ለመውደቅ ካልሆነ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

በየዓመቱ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ሬኒየርን ለመውጣት ይነሳል፤ ጫፍ የሚደርሰው ግማሽ ያህሉ ነው። ግማሹ የሚመለሰው በአየር ጸባይ፣ በድካም፣ በከፍታ ሕመም፣ ወይም መንገዱ ስላልተመቸ ነው። ደጋ ያደገ ኢትዮጵያዊ «ከፍታ ለእኔ ምንም አይደለም» ሊል ይችላል፤ ዓመታት ባሕር ጠለል ላይ ከኖረ በኋላ ግን ሳንባው እንደማንኛውም የሲያትል ነዋሪ ነው፤ እንደገና መላመድ አለበት።

ቀደም ሲል ስለ ቁመቱ የተናገርኩትን እዚህ ላይ ማረም ይገባል። ያ 4,392 ሜትር ራሱ አሁን አጠያያቂ ሆኗል። የተራራው ከፍተኛ ነጥብ ኮሎምቢያ ክረስት የተባለው የበረዶ ጉብታ ነበር። በ2024 ጫፉ ላይ በሳተላይት በሚሠራ መሣሪያ የተደረገ ልኬት ጉብታው ከ6 ሜትር በላይ ዝቅ እንዳለ አሳየ። አሁን የሚበልጠው በእሳተ ገሞራው አፍ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ላይ ያለው ድንጋያማ ቦታ ነው ተብሏል። በረዶው ከላይም ከታችም እየለቀቀ ነው። የፓርኩ ጥናት እንደሚያሳየው ከ1896 እስከ 2021 ባለው ጊዜ የሬኒየር ግግር በረዶዎች የሸፈኑት ስፋት በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በ2021 ሰኔ መጨረሻ ሲያትል 42 ዲግሪ በደረሰችበት ሳምንት ክረምቱ ያስቀመጠው በረዶ በፍጥነት ነበር የሄደው።

ይህ ለመንገዱ ምን ማለት ነው? ድልድዮቹ ቀደም ብለው ይወድቃሉ። ስንጥቆቹ ቀደም ብለው ይከፈታሉ፤ ዙሩ ይረዝማል። በረዶ አጣብቆ የያዘው ድንጋይ ይለቃል። ስለዚህ በድሮ መጽሐፍ «ነሐሴ ጥሩ ወር ነው» የሚል ምክር ያነበበ ሰው ያንን ምክር ይዞ ባይሄድ ይሻለዋል። አባቶቻችን «ሰኔና ሰኞ» ሲሉ የወቅት አጀማመር እንደሚያሳስባቸው ሁሉ፣ የሬኒየር መሪዎችም ክረምቱ ምን ያህል በረዶ አስቀመጠ የሚለው ያሳስባቸዋል። በረዶ ያነሰበት ክረምት ካለፈ የበጋው መንገድ ቶሎ እንደሚሰባበር ያውቃሉ።

ወደ ጫፍ መሄድ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ከ10,000 ጫማ፣ ማለትም ከ3,050 ሜትር ገደማ በላይ ለሚወጣ፣ ወይም ግግር በረዶ ላይ ለሚረግጥ ሁሉ ፈቃድ ግዴታ ነው። ብቻውን መውጣት የሚፈልግ ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል። ፓራዳይዝ የሚገኘው የመውጫ መረጃ ቢሮ ውስጥ ሬንጀሮቹ የመንገዱን ሁኔታ በአፍ ይነግራሉ፤ በጽሑፍ ከሚወጣው ይልቅ ይህ ትኩስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከላይ ገና የወረደ ሰው እዚያው ቆሞ ይገኛል። በዚያው አጋጣሚ አንድ ሰማያዊ ከረጢት ይሰጣል። አድማጮቼ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከረጢቱ ለዓይነ ምድር ነው። ግግር ላይ መሬት ስለሌለ የሚቀበር ነገር የለም፤ ሰው የራሱን ይዞ ይወርዳል።

አብዛኞቻችሁ ግን ጫፍ ለመድረስ አትነሱም፤ ምናልባት ከቤተሰብ ጋር ፓራዳይዝ ሄዳችሁ፣ ጉልበት የተሰማችሁ ደግሞ ወደ ካምፕ ሙር እንሞክር ትሉ ይሆናል። ከካምፑ በታች ያለው ሙር ስኖውፊልድ የተባለው ሰፊ የበረዶ ሜዳ ስንጥቅ የማይበዛበት፣ ገመድ የማይታሰርበት፣ ፀሐያማ ቀን ሕፃናት የሚንሸራተቱበት ቦታ ነው። የዋህ ይመስላል። ሰው የሞተበት ቦታ ግን ነው፤ የሚገድለውም ቁልቁለቱ ሳይሆን ደመናው ነው።

በጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ተራራው አናት ላይ ባርኔጣ የሚመስል ደመና ካያችሁ እርጥብ አየርና ኃይለኛ ነፋስ እየመጣ ነው ማለት ነው። ደመናው ሲወርድ ሰማዩም በረዶውም አንድ ነጭ ይሆናል፤ ሽቅብና ቁልቁል አይለይም፤ የራስን ዱካ እንኳ ነፋሱ ያጠፋዋል። ወደ ፓራዳይዝ ስትወርዱ በስተቀኛችሁ፣ በምዕራብ በኩል፣ ስንጥቅ የሞላበት የኒስኳሊ ግግር አለ፤ በስተግራ የፓራዳይዝ ግግር አለ። በነጩ ውስጥ ትንሽ ወደ አንዱ ጎን ያዘነበለ ሰው ቀስ እያለ ከመንገዱ ይወጣል፤ ሲያውቀው ገደል ጫፍ ወይም ስንጥቅ ላይ ነው።

ስለዚህ ፓርኩ የሚሰጠውን የኮምፓስ አቅጣጫ ወረቀት ያዙ። መስመሩን ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ፤ ባትሪውን ግን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ፣ ሙቀት ባለበት አስቀምጡ፤ ብርድ ባትሪን ይጨርሳል። ደመናው ሲወርድ ካምፕ ሙር ላይ ከሆናችሁ እዚያው መጠለያ አለ፤ ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው ቢጨነቅም እዚያው ማደር ይቻላል። መሐል ሜዳው ላይ ከሆናችሁና አቅጣጫችሁ ከጠፋባችሁ ደግሞ ወደፊት መሄዱን ተዉት፤ በረዶው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ያላችሁን ልብስ ሁሉ ደርባችሁ፣ ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ። ለዚህ ሲባል ቀን የሚመለስ ሰውም ቢሆን አካፋ፣ ተጨማሪ ልብስና ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ምግብ ይይዛል። ሬንጀሩን ስታገኙም «ጫፉ እንዴት ነው?» ከማለት በፊት «ሙር ላይ ከሰዓት በኋላ ምን ይጠበቃል?» ብላችሁ ጠይቁት።